ፈረሰኛው ለማን ወጣ

የካቲት 12፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾሙ ይገባል። የፍስኩን ድስት በአመድ ፈትጌ አጥቤ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። በትንሣኤ እንገናኝ ብዬዋለሁ።

ቤተልሔም ከጎንደር ደወለች። ልጄ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፤ የምትማረው አንትሮፖሎጂ ይባላል፣ ስለ ሰው ልጅ ኑሮና ልማድ ነው። ዘንድሮ ስለ አበላል ጽሑፍ ታዘዋል። ሰው ምን ይበላል፣ ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ይቀድማል። ለዚህ ለዚህማ እኔንስ ለምን አላስተማሩኝም!

«እማ፣ እኔ ጠያቂ፣ አንቺ መላሽ።»

«ጠይቂ።»

«ቤታችን መጀመሪያ የሚበላው ማነው?»

«ደንበኞቹ ናቸዋ። በወር ኮንትራት የሚበላ ሰው ይጠብቃል እንዴ?»

«አንቺስ?»

«ከእነሱ በኋላ።»

«ከማን ጋር?»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኧረ አልተቋረጠም፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ምን ልበላት? አባትሽ ሙሉነህ ካረፈ ወዲህ ጓዳ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ጭልፋ ይዤ፣ ከድስቱ ሥር ጠራርጌ ነው የምበላው ልበላት? ይህም መብላት ነው። ሆድ ተቀመጪ ቁሚ አይልም።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

ሁለት ደንበኞች አሉኝ። አንዱ እሸቱ ነው፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ጎረምሳ ነው፣ አፉ አያርፍም። ሌላው የከብት ሐኪሙ አቶ መሐሪ ናቸው። አገራቸው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አለፍ ብሎ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል አሉ። ባለፈው ክረምት ከወገዳ ተዛውረው ወደኛ ወደ መካነ ኢየሱስ መጡ። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እኔም እስከ ዘጠኝ ነኝ፣ ስለዚህ ያስቸግራሉ አልልም።

ዛሬ ሽሮውን ትሪው ላይ አፍስሼ ዘወር ልል ስል፣

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ እርስዎስ?» አሉኝ።

«እኔ ኋላ እበላለሁ።»

«ኋላ መቼ ነው?»

«ኋላ ነዋ!»

እጃቸውን ከትሪው መለሱ። «በኛ አገር የሠራችው ቆማ እያየች የሚበላ ጅብ ብቻ ነው።»

እሸቱ ጉንጩ እንደተነፋ፣ «ኧረ አቶ መሐሪ፣ እኔ ቀድሜ ጎርሻለሁ እኮ! ጅብ ሆንኩ ማለት ነው?»

«ዋጠውና ጠብቃቸው።»

ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቀማምሼ ተነሣሁ። ግን በእኔ በኩል ያለውን እንጀራ ሁለቱም አልነኩትም፤ ተመልሼ እስክቀመጥ ድረስ እንደ ታቦት ማደሪያ አከበሩት። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እናንተዬ።

የካቲት 24፣ ዓርብ

በቀደም አቶ መሐሪ እንዲያው ለወሬ ያህል «እናቴ በጾም ስልጆ ትሠራ ነበር» ብለው ነበር። የባቄላ ዱቄት ነበረኝ። ሱፍ ነበረኝ። ሰናፍጩ ብቻ ነው የጎደለኝ፤ እሱን ፍለጋ ገበያውን እንዳለ ዞርኩት። ለደንበኛ ነው። ደንበኛ ካልተንከባከቡት ወደ ሆቴል ይሄዳል።

ደፍድፌው ሰንብቶ ዛሬ ደረሰ። አንድ ጊዜ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቀላፉ እንዴ?» አለ እሸቱ።

«ዝም በል፣ አገሬ ገብቼ ነው።»

ዕቃ ሳጥብ እየዘፈንኩ ነበር። በዐቢይ ጾም! መዝሙር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ መዝሙር ግን ትከሻ አያስነቀንቅም።

መጋቢት 3፣ እሑድ

ጎረቤቴ ዘቢደር በአጥሩ ወዲያ ለሰው ስታወራ ሰማኋት። «የወርቅነሽን አዲስ ነጠላ አይታችኋል? ጾም ሌላውን ያከሳል፣ እሷን ያሳምራል!»

አሮጌው ስለተቀደደ ነው። ማለት ሊቀደድ ነበር።

መጋቢት 10፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

የጾሙ እኩሌታ። ልጄ ስንበላ ደወለች፤ ስልኩን ጮክ አድርጌ ትሪው ዳር አስቀመጥኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አቤት የምታመጣው ጉድ! የሆነ አገር አማትና አማች ሲበሉ አይተያዩም አለች፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ፊቱን ይሸፍናል። የሆነ አገር ደግሞ እያንዳንዱ በየራሱ ሳህን ነው፣ ከጎረቤቱ ሳህን መቁረስ ነውር ነው። የሆነ አገር አንበጣ ይጠበሳል።

«መጥምቁ ዮሐንስስ አንበጣ በልቶ የለ?» አለ እሸቱ።

«እሱ ቅጠል ነው ብለው ቄሱ አስተምረዋል፣ አትሳት!» አልኩት።

«እትዬ፣ ክንፍ ያለው ቅጠል ካለ ለእኔም ጥበሺልኝ።»

ሽሮው ትን ሊለኝ ነበር። ሰው ስንት ዓይነት ነው! ሁሉም ጉርሻ አለው፣ ሁሉም ነውር አለው፣ ሁሉም የራሱን ትክክል ነው ይላል። እኔ በሕይወቴ ከደብረ ታቦር ማዶ ብዙ አልሄድኩም፤ ዛሬ ግን ትሪዬ ዳር ዓለም ሁሉ ተቀምጦ ዋለ።

ቤተልሔም በመጨረሻ ምን አለች፣ «አስተማሪያችን እንዳለው ሰው የሚበላው ከዘመዱ ጋር ነው፤ አብሮ ሲበላ የከረመ ደግሞ ዘመድ ይሆናል።»

«እኔ እንግዲህ ወንድምሽ ሆኛለሁ!» አለ እሸቱ።

«እሺ ወንድሜ። አቶ መሐሪስ ምኔ ናቸው?»

ሽሮው ቀዘቀዘ ላሙቀው ብዬ ተነሣሁ። ሽሮው እየጨሰ ነበር።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

ጥድፊያ። አቶ መሐሪ ለከብት ክትባት ቆላ ወርዷል፣ እስከ ሳምንቱ አይመለስም። «ወርዷል» አልኩ እንዴ? ወርደዋል። ስልጆው ተረፈ። እሸቱ ብቻውን ሲበላ ትሪው ሜዳ አከለብኝ። ለእማሆይ ሳህን ላኩ። እማሆይ ሐረገ ወይን የሙሉነህ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ቢያርፍም እኔ ምራታቸው ነኝ፣ ሳህን ሳልልክላቸው ጾም ገብቶ አያውቅም።

ቆላው ሙቀት ነው አሉ። ውሃ ይዞ ይሆን?

ሚያዝያ 1፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ልጄ መጣች! ዘንባባዋን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ከአውቶብስ ወረደች። አገላብጣ አየችኝና፣

«እማ፣ ወፍረሻል! ተቀምጠሽ መብላት ጀመርሽ እንዴ?»

«ልጄ ስለ አበላል ተምራ ብትመክረኝ ነዋ።»

ከአቶ መሐሪ ጋር በአንድ ቀን ተግባቡ። እሷ ስለ ሰው አበላል ትነግረዋለች፣ እሱ ስለ ከብት። ላምም አብራት የምትግጠውን ትመርጣለች፣ ያልወደደቻትን በቀንድ ታባርራለች ይላታል፤ እሷ ሳቋን አትችልም። በዓሉን አገሩ ሊሄድ ነበር፣ ክትባቱ ስላላለቀ ቀረ። ቤተልሔም ናት የጠራችው። «ብቻዎን ሊፈስኩ? አይሆንም! ለትንሣኤ ምሳ እኛ ቤት ይመጣሉ።» እኔ አልጠራሁም። ይህ እንዲታወቅ።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ አለቀ። ጌታ ሆይ፣ በግንባሬ ተደፍቼ ስለ ዶሮ አሰብኩ፤ ይቅር በለኝ።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምሮ እየበሰለ ነው። ዶሮውን በሎሚና በጨው ሳጥብ ቤተልሔም አጠገቤ ተቀምጣ ብልቱን አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። ይህ የማን ነው? አንገቱስ? ክንፉስ?

«ይኸው ፈረሰኛው፣ የተከበረው እሱ ነው፤ የአባወራው ነው።»

«አባወራ የለንም እኮ።»

«ለአያ አበጀ ነዋ። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ለእሱ ነው የሚወጣው። የአባትሽ ታላቅ ወንድም አይደለም? ለሌላ ቢወጣ ቤቱ ባለቤት ለወጠ ማለት ነው።»

«ማንም ምንም ሳይናገር?»

«ምን ንግግር ያስፈልጋል። ጭልፋው ተናገረ አይደል?»

ደስ ብሏት ጻፈችው።

ሚያዝያ 8፣ ትንሣኤ

ምን እንደማደርግ አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ምሳ ላይ እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ፤ ከመነኮሱ ወዲህ ሥጋ ስለማይነኩ እርጎና አይብ አቀረብኩላቸው። አያ አበጀ አዲስ ጋቢውን ደርቦ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቶ መሐሪ ከእሱ ቀጥሎ። እሸቱ ወላጆቹ ዘንድ ሄዷል። ጸሎት ተደረሰ፣ እጅ ታጠበ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ይህ ሁሉ ሰው ቤቴ! ጭልፋውን ይዤ ማውጣት ጀመርኩ፣ አፌም አላረፈም፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ቅቤው፣ እየሣቅሁ እያወጣሁ።

አያ አበጀ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ትሪው አጎነበሰ።

«ወርቅነሽ፣» አለ አያ አበጀ፣ «ፈረሰኛው የት ነው የወጣው?»

አየሁ። አቶ መሐሪ ፊት ነው። መካከሉ ላይ፣ እንደ ጉልላት።

«እንግዳ ስለሆኑ… ለእንግዳ ክብር ብዬ…»

«ከክረምት ጀምሮ ጠዋት ማታ እዚህ የሚበላ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነው?»

ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለስኩ።

«እንግዳ ካልሆነ ምንድን ነው? ንገሪና እንወቀው። የወንድሜ ቤት ነው፣ የወንድሜ ድርሻ ነው።»

አቶ መሐሪ ተነሣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «በእኔ ምክንያት በዓሉ አይበላሽ። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ፈረሰኛውን በጣቱ እንኳ አልነካውም። ቀጥሎ አያ አበጀ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። እማሆይም መቋሚያቸውን አነሡና ወጡ።

ትሪው ሙሉ፣ ቤቱ ባዶ።

«እማ፣ አውቀሽ ነው?»

«ምኑን?»

«እማ!»

«ጭሱ ዓይኔን ይዞት ነው።»

«ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው እኮ ያለን።»

ልጄ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። እጄ ነው ያደረገው። ይህን ሁሉ ዓመት ለአበጀ ሲያወጣ የኖረ እጅ፣ ዛሬ ማን አዘዘው?

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

ለምሳ አልመጣም። ለራትም።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ

እሸቱ ነገረኝ፣ አቶ መሐሪ ሆቴል ነው የሚበላው። «ጥግ ይዞ፣ ግድግዳ እያየ። ሰላም ስለው ደነገጠ።» ግድ የለኝም፤ የሠራሁት መትረፉ ነው የሚያሳዝነኝ።

ለእማሆይ ቅንጬ በቅቤ ላኩ። ሳህኑ እንደ ሄደ ተመለሰ፣ ክዳኑ አልተነሣም። «አልበላም አሉ» አለችኝ ያደረሰችው ልጅ። የተመለሰ ሳህን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ሰው ከጣለኝ ይጣለኝ፣ እማሆይ ግን…

አሁን ይህን እንባ ምን አመጣው።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

ፈረሰኛው እስከ ዛሬ ድስቱ ውስጥ ነበር። ቤተልሔም አትነካውም፣ እሸቱ «እኔ አልሞትም!» ይላል፣ ለድመት መስጠትም አይሆንም። ሳሞቀው ሳበርደው ሰነበትኩ። ዛሬ ተናደድኩና እኔው በላሁት። በሴትነቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይህ ነው እንዴ? ይህን ነው ወንዶቹ የሚጣሉበት? ደረቅ ነው እኮ! መላላጫው በስንት ጣዕሙ።

ቆሜ ነበር የበላሁት።

ሚያዝያ 16፣ ሰኞ

ቤተልሔምን ሸኘኋት። መናኸሪያው ቁጭ ብለን አውቶብሱን ስንጠብቅ፣

«ጽሑፌ አልቋጭ አለኝ» አለችኝ። «የሰው አገር ልማድ ሳነብ ምንም አይከብደኝም። አማት ፊቷን ትሸፍን፣ እሺ። አንበጣ ይጠበስ፣ እሺ። የእናቴ ትሪ ላይ ስደርስ ግን አልዋጥ አለኝ። አባቴን የተካሽው መሰለኝ።»

«አባትሽ አይተካም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ቆመሽ ስትበዪ ማየትም ግን አልፈልግም።»

ስሜ አሳፈርኳት። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «እማ! ተቀመጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሰው ደክሟት ነው ብሎ አግዳሚ ወንበር ለቀቀልኝ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ፣ ልደታ

ቆይ፣ ቆይ፣ በሥርዓቱ ልጻፍ።

ዛሬ የሰፈሩ ሴቶች እንደ ደንቡ ከደጅ ወጥተን፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ንፍሮ ቀቀልን። የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም፤ ደጅ ነው፣ ለመጣው ለአላፊው ሁሉ ነው፤ ማንንም ዝለው አይባልም። እማሆይ ዘቢደር ደግፋቸው መጡ። እኔ ከጉልቻው ኋላ ተደብቄ ባቄላ አማስላለሁ።

በመንገዱ አቶ መሐሪ የመድኃኒት ሻንጣውን ይዞ ብቅ አለ። አይቶን አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ዘቢደር፣ «ኧረ ዶክተር፣ ልደታን ረግጠው ሊያልፉ ነው?» አለችው። መጣ። መዳፉን ዘረጋ፣ እማሆይ ንፍሮውን እፍኝ ሞልተው ያዙና አልሰጡትም።

«ቆይ እስቲ። ያን ቀን ፈረሰኛውን በላኸው ወይስ ተውከው?»

አቶ መሐሪ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«ተውኩት፣ እማሆይ። ሰው እንዳይጣላ ብዬ…»

«እንግዲህ ነውሩ እሱ ነው! ሴት ከድስቱ የተከበረውን አውጥታ ስታቀርብልህ ትተህ ትሄዳለህ? ጦም ያደረው የእሷ ፊት ነው። አበጀን ፈራህ? አበጀን እኔ ወልጄዋለሁ፣ ምኑ ያስፈራል?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም ውጪ ከዚያ። ሳህንሽን ለምን መለስኩት?»

«ተቀይመውኝ ነዋ።»

«ሙሉነህ ከሞተ ጀምሮ ሳህን ትልኪልኛለሽ። አንድ ቀን መጥተሽ አብረሽኝ በልተሻል? ቅንጬሽን ከግድግዳ ጋር ነው የምበላው። ምራት ሳህን ትልካለች፤ ልጅ ግን ራሷ ትመጣለች። የምራት ሳህን በቃኝ።»

እኔ ጓዳ ቆሜ ስበላ እሳቸውም ለብቻቸው ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«በይ ተነሺ። ለመሆኑ ፈረሰኛውን ማን በላው?»

«እኔ፣ እማሆይ።»

ሰፈሩ በሣቅ ፈነዳ። እማሆይ ግን አልሣቁም። «እንዴት ነበር?»

«ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ለወንዶቹ የሰጠነው ለምን መስሎሻል?»

ዘቢደር መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከሣቅ ብዛት። አቶ መሐሪ ሣቀ፤ ሙሉ ጥርሱን ሲሥቅ ያየሁት ዛሬ ነው፣ ደግሞ ያምርበታል፣ በቃ፣ ጻፍኩት። ከዚያ ሣቁ በረድ ሲል፣ ዝቅ ብሎ፣

«እማሆይ፣ ሽማግሌ ብልክ… ለማን ነው የምልከው?»

«ለእኔ ነዋ! ሌላ እናት አላት እንዴ?»

ንፍሮውን መዳፉ ላይ አፈሰሱለት።

ግንቦት 6፣ እሑድ

አምስቱንም ቀን ምሳዬን ከእማሆይ ጋር በላሁ። ሲበሉ ይናገራሉ ለካ! ከእኔ ይብሳሉ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ወደ እማሆይ ቤት መጡ፤ አንድ ቄስና ሁለት ትልልቅ ሰዎች። እኔ በደንቡ መሠረት ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። አያ አበጀም በእናቱ ትእዛዝ ተጠርቶ መጥቷል፤ መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል፣ ሰላምታም አልሰጠኝም። ቤተልሔም ስልክ ላይ ናት፤ እሸቱ ስልኩን ይዞላት በሩ ጋ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ረጅም ንግግር አደረጉ። መሐሪ እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ የእነ እንትና ዘር ነው፣ ልጅነቱን ይቀበሉት አሉ። እማሆይ ኮስተር ብለው አዳመጡ። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«መልካም። እንግዲህ ነገሩ የዘመድ ነው፤ ተማክረን፣ ልጅቱንም ጠይቀን፣ በሌላ ቀን ብትመለ…»

«እሺ ብያለሁ!»

ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞር አልኩ። እኔ ነኝ። መጋረጃውንም ከፍቼዋለሁ፣ በአንድ እጄ፤ በሌላው ጭልፋ ይዣለሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በስልኩ ውስጥ ቤተልሔም «ምን ተባለ? ምን አለች?» ትላለች። ቀድሞ የሣቀው አያ አበጀ ነው። ሊይዘው ሞከረ፣ በጋቢው አፈነው፣ አልሆነለትም፣ ትከሻው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «ኧረ ይህችን ሴት ውሰዱልን!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ወንድሜም ሲያገባት እንዲሁ ነው ያደረገችው!»

ነውሬን ይዤ ወደ ጓዳ ልሸሽ ስል እማሆይ ጠሩኝ።

«የት ትሄጃለሽ? ውሃውን አምጪ እንጂ። እናንተም ተመለሱ ማለቱ ቀርቷል፣ እጃችሁን ታጠቡ።»